ጎመን ዘር የምታክለዋ ጥንዚዛ፦ ብርቅ ናት ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦

«ጋሼ፣ የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ባለፈው ሐምሌ ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቦ እንዳባራ ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር ከቤታችን ጀርባ ያለው ጫካ ገባን። የበሰበሰ ግንድ ላይ ቢጫ ገንፎ የመሰለ ነገር ተለጥፎ አየን። ላዩ ላይ ጎመን ዘር የሚያካክሉ ጥቁር የሚያብረቀርቁ ጥንዚዛዎች ነበሩ። ልጄ በጣቱ ሲነካቸው እንደ ኳስ ተጠቅልለው ወደቁ። አራት ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ ላለው መተግበሪያ ሰጠሁት፤ የስላይም ሞልድ ጥንዚዛ ናት አለኝ። አንድ የማውቀው ሰው ደግሞ ብርቅ ዝርያ ናት፣ ምናልባትም ገና ስም ያልወጣላት ናት አለኝ። እውነት ነው? አዲስ ዝርያ መሆኗ እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ነው የሚጻፈው? ልጄ ስሟን እኔ ነኝ የማወጣላት እያለ እንቅልፍ ነስቶኛል። ሦስቱን በትንሽ ጠርሙስ አልኮል ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። ሀገር ቤትስ ይኖራሉ?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ። በዘጠኝ ዓመቱ ግንድ ሥር ተንበርክኮ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነች ነገር የሚያስተውል ልጅ ብዙ አያጋጥመኝም።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ፎቶዎችሽ ላይ ያለችው ጥንዚዛ አጋቲዲየም ከሚባለው ወገን ናት ብዬ አምናለሁ። እስከዚህ ድረስ ከፎቶ መናገር ይቻላል። ዝርያዋን ግን እኔም ከፎቶ አልናገርም፣ መተግበሪያውም አይችልም፣ ብርቅ ናት ያለሽ ሰውም ከፎቶ ብቻ ተነስቶ ይህን ሊያውቅ አይችልም። አሁን እኔ ደግሞ ልጠይቅሽ። ጥንዚዛዎቹን አስቀምጣችኋል። ቢጫውን ገንፎስ? ከሱ ቁራጭ ወስዳችኋል? ይህን ጥያቄ ያዢልኝ፣ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

እስቲ ከገንፎው እንጀምር። ስላይም ሞልድ ለሚባለው ነገር በእኛ ቋንቋ የተለመደ ስም የለም። እኔ ዝልግልግ ሻጋታ እለዋለሁ፣ ምንም እንኳ ሻጋታ ባይሆንም። እንጉዳይም አይደለም። ድሮ ከእንጉዳይ ጋር ይመደብ ነበር፤ አሁን ከአሜባ ዘመዶች ጋር ነው የሚቆጠረው። መዳፍ የሚያክለው ያ ቢጫ ነገር በመሳብ ላይ ሳለ አንድ ሕዋስ ነው። አዎ፣ አንድ። ኒውክለሶቹ፣ ማለትም የሕዋስ አስኳሎቹ፣ ግን እልፍ አእላፍ ናቸው። ግንዱ ላይ ቀስ እያለ ይሳባል፣ ባክቴሪያ እየዋጠ ያድጋል። ምግቡ ሲያልቅ ወይም ድርቀት ሲመጣበት መሳቡን ይተውና ዱቄት ወደሞላባቸው ከረጢቶች ይለወጣል። ዱቄቱ ዘሩ ነው። ያንቺ ቢጫና እንደ አረፋ ያበጠ ስለሆነ ፉሊጎ ሴፕቲካ ሳይሆን አይቀርም፣ በጣም የተለመደው እሱ ነው። አንድ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ተመልሳችሁ ቢሆን ኖሮ ያ ለስላሳ ገንፎ ቅርፊት ሆኖ፣ ሲነካ ጥቁር ዱቄት የሚረጭ ሆኖ ታገኙት ነበር። በዓለም ላይ እስካሁን ስም የወጣላቸው ዝልግልግ ሻጋታዎች 1000 ያህል ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው፤ አንዱ ጸጉራም ብሩሽ ይመስላል፣ ሌላው እንደ ሮዝ ማስቲካ ኳስ ነው፣ ሌላው ደግሞ በጭራ ላይ የቆመ ትንሽ ዕንቁ ነው።

ለጥንዚዛዋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቢው። ምግቧ ቆሞ አይጠብቃትም። ዛሬ አለ፣ ከሦስት ቀን በኋላ የለም። ዝናብ ከጠፋ ለወራት ላይታይ ይችላል። በዚያች አጭር ጊዜ ደርሳ ትበላለች፣ ትጋባለች፣ እንቁላል ትጥላለች። እጮቿም እዚያው ይበላሉ። ስትሄድ ደግሞ ዱቄቱ ገላዋ ላይ ተለጥፎ አብሯት ይሄዳል። ብዙ ሰው እነዚህን ጥንዚዛዎች ዕድሜ ልኩን ሳያይ የሚኖረው ስለሌሉ አይደለም። በዚያች ቀን እዚያ ግንድ ሥር ስላልነበረ ነው።

ወደ መለየቱ ልምጣ። ዝልግልግ ሻጋታ ላይ የምታገኚው ጥንዚዛ ሁሉ አንድ አይደለም፤ እዚያ ገበታ ላይ የሚሰበሰቡት ከተለያየ ቤተሰብ የመጡ ናቸው። ልጅሽ ሲነካቸው መጠቅለላቸው ትልቅ ፍንጭ ነው። አጋቲዲየም ስትደነግጥ ጭንቅላቷንና የአንገት ጋሻዋን ወደ ሆዷ ታጥፋለች፣ እግሮቿን ወደ ውስጥ ትሸጉጣለች፣ ድብልብል ትላለች። ስሟም ከዚሁ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1797 ፓንዘር የተባለ ጀርመናዊ ያወጣላት ይህ ስም ከግሪክኛ የተወሰደ ሲሆን ትንሽ የፈትል ልቃቂት እንደማለት ነው። እናቴ ስትፈትል ልቃቂቱ ከእጇ አምልጦ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አይቻለሁና ይህን ስም ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

መጠቅለል ብቻውን ግን አይበቃም። ድንጋይ ስታነሺ ሥሩ የምታገኚያት ግራጫ የምትጠቀለል ፍጥረት ጥንዚዛ አይደለችም፤ እግሮቿ 14 ናቸው፣ የጥንዚዛ 6 ነው። ክላምቢዴ የሚባሉ፣ ብዙዎቹ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ የሆኑ ጥንዚዛዎችም ይጠቀለላሉ። ከሁሉ በላይ ሰው የምታሳስተው ግን የአጋቲዲየም የቅርብ ዘመድ የሆነችው አኒሶቶማ ናት፤ እሷም እዚያው ገበታ ላይ ትገኛለች። ልዩነቱን ጀርባዋ ላይ ፈልጊው። የአኒሶቶማ የክንፍ ሽፋን በረድፍ የተደረደሩ ነጥቦች አሉት፣ በመርፌ የተሰፋ ይመስላል። የአጋቲዲየም ነጥቦች የተበተኑ ናቸው፣ ጀርባዋም እንደ ወንዝ ጠጠር የተወለወለ ነው። ቀጥሎ አንቴናዋን እዪ። በሁለቱም 11 አንጓ ነው። ጫፉ ላይ የሚወፍረው ክፍል በአጋቲዲየም አብዛኛውን ጊዜ 3 አንጓ ነው። በአኒሶቶማ 5 ነው፣ ከሥር ስትቆጥሪ ስምንተኛው አንጓ ግን ከግራና ቀኝ ጎረቤቶቹ አንሶ መሃል ላይ ተጨንቆ ታገኚዋለሽ። አንዴ ካየሽው አይጠፋሽም።

ስፊንዲዴ የሚባል ሌላ ቤተሰብም አለ። እነዚህ እጩም ጥንዚዛውም ኑሯቸው ዝልግልግ ሻጋታ ላይ ነው። ከ1.5 እስከ 3.5 ሚሊ ሜትር ይደርሳሉ፣ ረዘም ያሉና ደብዛዛ ቡናማ ናቸው፣ እንደ ኳስ አይጠቀለሉም። መንጋጋቸው ላይ በላይኛው በኩል ጉድጓድ አላቸው። ያንቺ ከእነዚህ አይደለችም።

ሁለተኛው ፎቶሽ ላይ ጀርባዋ ለስላሳ ነው፣ ረድፍ የለም። ሦስተኛው ላይ አንቴናዋ ትንሽ ቢደበዝዝም ወፍራሙ ጫፍ አጭር ነው። አጋቲዲየም ያልኩሽ በዚህ ነው።

ከዚህ በኋላ ግን ሥራው ይከብዳል። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካዎች ውስጥ ብዙ የአጋቲዲየም ዝርያዎች አሉ፣ አብዛኞቹም ክብ፣ ጥቁር ወይም ቡናማ፣ የሚያብረቀርቁ ናቸው። በእጅ ማጉያ መነጽር አይለዩም። ማይክሮስኮፕ ሥር ሲገቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። ጀርባዋ ላይ በነጥቦቹ መካከል ያለው ቦታ ለስላሳ ነው ወይስ እንደ ዓሣ መረብ የቀጠኑ መስመሮች አሉበት? መረቡ ጭንቅላቷ ላይ ኖሮ ጋሻዋ ላይ ይጠፋል? ዓይኖቿ ወጣ ያሉ ናቸው ወይስ ጠፍጣፋ? ለመብረር የሚያገለግሉት ክንፎች ከሽፋኑ ሥር አሉ? አንዳንድ ዝርያዎች መብረር ትተዋል፣ ሽፋኑን ስታነሺ ውስጡ ጉቶ ብቻ ነው። በብዙዎቹ ወንዶች ደረት ሥር ጸጉር ያለባት ትንሽ ጉድጓድ አለች፤ ቦታዋና ስፋቷ ይታያል።

እግሮቹንም እንቆጥራለን። የእግሩ ጫፍ ትንንሽ አንጓዎች አሉት። በአጋቲዲየም ወንዱ ከፊት 5፣ ከመሃል 5፣ ከኋላ 4 ነው። ሴቷ ባብዛኛው 5፣ 4፣ 4 ናት። ይህ ጾታን ለማወቅ ይጠቅማል፣ ጾታውን ማወቅ ደግሞ ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ዝርያዎቹ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚለዩት በወንዱ መራቢያ አካል ቅርጽ ነው። ይህን ለሰው ስናገር አንዳንዱ ይሽኮረመማል። ግን እውነቱ ይህ ነው፦ ከውጭ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት ዝርያዎች እዚያ ላይ ቁልጭ ብለው ይለያያሉ። አካሉ ጠንካራ ስለሆነ ቅርጹ አይለወጥም። የደረቀችውን ጥንዚዛ በሞቀ ውኃ አለስልሰን፣ ጫፏ በተቆለመመ ቀጭን መርፌ ከሆዷ እናወጣዋለን፣ ሥጋው እንዲለቅ 10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ ውስጥ እናቆየዋለን፣ ከዚያ ግሊሰሪን ባለባት ሩዝ የምታክል ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ ከጥንዚዛዋ ጋር አንድ መርፌ ላይ ይሰካል። ይህን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ያ ውሕድ ቆዳ ያቃጥላል፣ ለዓይን ደግሞ የባሰ ነው።

አንድ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም «አዲስ ዝርያ ነው» የሚለው ወሬ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚህ ነው። በአንዳንድ የአጋቲዲየም ዝርያዎች ወንዱ ግራ መንጋጋው ላይ ቀንድ አለው። ግራው ላይ ብቻ። ትልቅ ሆኖ ያደገው ወንድ ቀንዱ ረጅምና ቆልማማ ነው፣ ትንሽ ሆኖ የቀረው ወንድሙ ግን ያለ እንኳ አይመስልም። ሁለቱን ከተለያየ ግንድ ያገኘ ጀማሪ ሁለት ዝርያ ናቸው ይላል። ስለዚህ አንድ ጥንዚዛ ይዞ ዝርያ መጻፍ ይቻላል፣ ግን ያስፈራል። አንድ ሰው ብቻ አይቶ ስለ ሀገሩ ሰው ሁሉ ቁመት እንደመናገር ነው። እናንተ ሦስት መያዛችሁ ትልቅ ነገር ነው።

«ብርቅ ናት ወይ?» ላልሽው። ብርቅ የሚለው ቃል እኛ ጥንዚዛ አጥኚዎች ጋ ሦስት የተለያየ ነገር ሲሆን ሰው ያምታታዋል። አንዳንዷ ብርቅ የምትባለው ማንም ስላልፈለጋት ነው። አንዳንዷ ብዙ ሰው እየፈለጋት፣ ግን በማትገኝበት ቦታና በማትገኝበት ወር ነው። ሦስተኛዋ በእውነት ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ የቀረች ናት። ሦስቱን የሚለየው ምን እንደምትበላ ማወቅ ነው።

ለዚህ የማውቀው ምርጥ ምሳሌ አጋቲዲየም ፑልኬለም ናት። ይህች የሰሜን አውሮፓ ያረጁ ጫካዎች ጥንዚዛ ናት። የአውሮፓ ኅብረት የመኖሪያ አካባቢ ጥበቃ መመሪያ ውስጥ በስም ተጠቅሳ ጥበቃ ይደረግላታል፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ለሆነች ፍጥረት ይህ ቀላል ክብር አይደለም። ፊንላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ኑሮዋን ሲያጠኑ ያገኙት ነገር ጥንዚዛዋ ከአንድ ዝልግልግ ሻጋታ ጋር በጣም የተቆራኘች መሆኗን ነው፣ ትሪኪያ ዴሲፒየንስ ከሚባለው። ይህ ከታወቀ በኋላ ፍለጋው መልኩን ይለውጣል። ጫካውን በሙሉ እያስሱ ጥንዚዛ መፈለግ ቀርቶ፣ የወደቁ እርጥብ ግንዶች ላይ የሚወጣውን ትሪኪያን ፈልጎ እሱ ላይ ማጎንበስ ይሆናል። ጥበቃውም እንዲሁ፤ ጥንዚዛዋን ለማኖር የወደቀውን ግንድ ከጫካው አለማንሳት ነው። ጥንዚዛዋን ብቻ በመርፌ ሰክተው ያስቀመጡ ሰዎች ይህን ሊነግሩን አይችሉም ነበር።

አሁን ገባሽ ለምን ስለ ገንፎው እንደምነዘንዝሽ? ሙዚየም ውስጥ ካሉት የአጋቲዲየም ናሙናዎች ብዙዎቹ የተያዙት በወጥመድ ወይም የጫካ ቅጠልና አፈር በወንፊት በማንገዋለል ነው። ቦታና ቀን አላቸው፣ የምግባቸው ነገር ግን ባዶ ነው። የስንት ዝርያዎች ምግብ እስከዛሬ አይታወቅም። ልጅሽና አንቺ ግን ገበታዋ ላይ አይታችኋታል። ጥንዚዛዋ የተለመደች ዝርያ ሆና ብትገኝ እንኳ፣ ከምን ላይ እንደተገኘች የሚያሳይ ቁራጭ ካለ ያ ራሱ አዲስ እውቀት ሊሆን ይችላል። ቁራጩን አልኮል ውስጥ አትክተቱት፤ ከነቅርፊቱ በክብሪት ቤት በመሰለ ካርቶን ውስጥ ይደረግና ይድረቅ። ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከታሸገ ሻጋታ ይበላዋል።

እሺ፣ ሁሉም ተጣርቶ አዲስ ሆነች እንበል። መጻፉ እንዴት ነው?

መጀመሪያ አዲስ መሆኗን ማሳየት አለብን፣ ይህም ማለት ቀድሞ የተጻፉትን ዘመዶቿን ሁሉ ማወቅ ነው። ለዚህ ወገን ለሰሜንና መካከለኛው አሜሪካ ትልቁን ሥራ የሠሩት ኩዌንቲን ዊለርና ኬሊ ሚለር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ በሁለት ክፍል ባወጡት ጥናት 65 አዳዲስ የአጋቲዲየም ዝርያዎችን ስም ሰጥተው ጻፉ። ያኔ ዜና የሆነው ግን ስሞቹ ናቸው። ሦስቱ በጊዜው ለነበሩት የአሜሪካ መሪዎች ተሰየሙ፦ አጋቲዲየም ቡሺ ለፕሬዝዳንት ቡሽ፣ ቼኒዪ ለምክትሉ ለቼኒ፣ ራምስፌልዲ ለመከላከያ ሚኒስትሩ ለራምስፌልድ። ዝልግልግ ነገር ከሚበላ ጥንዚዛ ጋር ስለተያያዘ ብዙ ሰው ስድብ መስሎት ነበር። ሳይንቲስቶቹ ግን ያደረጉት በአክብሮት ነው፣ ቡሽም ስልክ ደውሎ እንዳመሰገናቸው ተዘግቧል። ቬደሪ የተባለችም አለች፤ ሰፊው የሚያብረቀርቅ ጭንቅላቷ የፊልሙን የዳርዝ ቬደርን የራስ ቁር ስለሚመስል ነው። ልጅሽ ይህችን ይወዳታል። ቡሺ ከተገኘችባቸው ቦታዎች አንዷ ደግሞ ጎረቤታችሁ ቨርጂኒያ ናት።

እኔን ከስሞቹ ይልቅ የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ዝርያ አንድ ላይ አሰልፎ በአንድ ዓይነት መለኪያ መመልከት። ዝርያ ብቻውን አይጻፍም፣ ከዘመዶቹ ጋር ነው የሚጻፈው። በጽሑፉ ውስጥ የገላ ዝርዝር አለ፣ የተገኘችበት ቦታ አለ፣ የስሙ ምክንያት አለ፣ ሥዕል አለ። ልቡ ግን ከቅርብ ዘመዶቿ በምን እንደምትለይ የሚናገረው አጭር አንቀጽ ነው። «ጥቁር፣ ክብ፣ የሚያብረቀርቅ» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው፣ ሁሉም እንደዚያ ናቸውና። «ከእንትና የምትለየው የወንዱ አካል ጫፍ ቀጥ ከማለት ይልቅ ወደ ግራ ስለሚታጠፍ፣ የጋሻዋም መረብ ከዳር እስከ ዳር ስለሚታይ ነው» ከተባለ፣ መቶ ዓመት ቆይቶ ሌላ ሀገር ያለ ሰው የራሱን ጥንዚዛ ይዞ ሊያመሳክር ይችላል። ልኬት ላይም አንድ ጣጣ አለ። የምትጠቀለል ጥንዚዛ ርዝመቷ ስንት ነው? አንዷ ተዘርግታ ትሞታለች፣ ሌላዋ ግማሽ ታጥፋ። ስለዚህ ጋሻዋንና የክንፍ ሽፋኗን ለየብቻ መለካት ነው የሚያዋጣው።

ስሙ ሕጋዊ እንዲሆን ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። አሁን የሚሠራበት አራተኛው እትም ከ2000 መጀመሪያ ጀምሮ የጸና ነው። ከናሙናዎቹ አንዷ ሆሎታይፕ ትሆናለች፤ ስሙ የተሰቀለው እሷ ላይ ነው፣ ወደፊት ጥርጣሬ ቢነሳ ሁሉም የሚመለሰው ወደ እሷ ነው። የት እንደምትቀመጥ መገለጽ አለበት። ስሙ በላቲን ፊደል መጻፍና መታተም አለበት። በኢንተርኔት ብቻ የሚታተም ከሆነ ከ2012 ወዲህ ተፈቅዷል፣ ዙባንክ በሚባለው መዝገብ ላይ አስቀድሞ ከተመዘገበ። ለወንድ ሰው የሚሰጥ ስም ባብዛኛው መጨረሻው ኢ ይሆናል፣ ለሴት ደግሞ ኤ፣ ለብዙ ሰዎች ኦረም። ስሙን የሚያወጣው ዝርያዋን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ጻፊው በራሱ ስም መሰየሙ በደንቡ ባይከለከልም ነውር ነው። ልጅሽ ግን ጻፊ ሳይሆን አግኚ ነውና ሌላ ሰው ሲጽፋት በሱ ስም ሊሰይማት ይችላል፣ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ ይደረጋል። ያም ባይሆን አግኚነቱ ከናሙናዋ ጋር በሚሰካው ወረቀት ላይ በስሙ ይጻፋል፣ ሙዚየሙ እስካለ ድረስ አይነሳም። ይህን ንገሪው።

ስለዚያች ወረቀት ደግሞ ከራሴ የደረሰውን ልንገርሽ። ጀማሪ ሳለሁ ሀገር ቤት ከአንድ ጫካ ጥሩ ጥሩ ጥንዚዛዎች ሰብስቤ ወረቀቱ ላይ 12/10/1998 ብዬ ጻፍኩ። ሰኔ 12 ማለቴ ነበር፣ በኛ አቆጣጠር። ናሙናዎቹ ወደ ውጭ ሲሄዱ እዚያ ያለው ባለሙያ ጥቅምት 1998 ብሎ መዘገበው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። እኔ የሰበሰብኩት ግን በፈረንጅ ሰኔ 19 ቀን 2006 ነው። ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው፣ ወሩም ተሳስቷል፣ ክረምት መግቢያ የነበረው ክረምት ካለፈ በኋላ ሆነ። ዝናብ ተከትላ ለምትወጣ ጥንዚዛ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ሳውቀው ደነገጥኩ። የተስተካከለው ማስታወሻ ደብተሬ ስላልጠፋ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ወሩን በሮማውያን ቁጥር ነው የምጽፈው፣ ዓመቱንም የቱ አቆጣጠር እንደሆነ ሳልገልጽ አልተውም።

ስለዚህ አሁን ተነሺና ይህን አድርጊ። ትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፊ፤ እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ሀገር፣ ግዛት፣ ካውንቲ፣ ፎቶው ላይ የተመዘገበው የቦታ ቁጥር፣ ቀን፣ የአንቺና የልጅሽ ስም፣ ከዚያ «የበሰበሰ ግንድ ላይ፣ ቢጫ ዝልግልግ ሻጋታ ላይ»። ወረቀቱን ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሪው፣ ውጭ አትለጥፊው፣ የተለጠፈ ይላቀቃል። አልኮሉ ከፋርማሲ የተገዛው 70 በመቶ ከሆነ ሁለቱ እዚያው ይቆዩ፣ ገላቸው ሳይደርቅ ለመፍታት ይመቻል። አንዷን ግን ወደ 95 በመቶ ኤታኖል አዛውሪያት፤ እሷ ለዲኤንኤ ትሆናለች። ለመለያ የሚነበበው የዲኤንኤ ቁራጭ 658 ፊደል ገደማ ነው፣ አንድ እግር ይበቃዋል። ዲኤንኤው ብቻውን ስም አያወጣም፣ ግን ወንዱንና ሴቷን፣ እጩንና እናቱን ለማገናኘት የሚተካከለው የለም።

አንድ የማልደብቅሽ ነገር፦ ጫካው የማን እንደሆነ አረጋግጪ። የፌዴራል ፓርክ ከሆነ ያለ ፈቃድ ጥንዚዛም ሆነ ቁራጭ ግንድ መውሰድ ክልክል ነው፣ ሙዚየምም ያለ ፈቃድ የተወሰደ ናሙና መቀበል ይቸግረዋል። የሌላ ሰው መሬት ከሆነ ባለቤቱን ጠይቂ። የራሳችሁ ጓሮ ከሆነ ነፃ ናችሁ። ይህ ከተጣራ በኋላ ስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ከናንተ ሩቅ አይደለም፤ የነፍሳት ክፍሉን አስቀድመሽ በኢሜይል ጠይቂ፣ ፎቶዎቹን አያይዢ፣ ምግቧም እንደተያዘ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጻፊ። ያቺ መስመር ናት እንዲመልሱልሽ የምታደርጋቸው።

በመጨረሻ «ሀገር ቤትስ ይኖራሉ?» ብለሽ ነበር። ዝልግልግ ሻጋታ እርጥበትና የሞተ እንጨት ባለበት ሁሉ አለ። እኛ ጋ ችግሩ የሞተው እንጨት ነው፤ የወደቀ ግንድ ማገዶ ነውና ሳይበሰብስ ይነሳል። ግንድ ወድቆ የሚበሰብስባቸው ቦታዎች እንደ ባሌው ሐረና፣ ሸካ፣ ካፋ፣ ከዚያም የደብር ጫካዎች ናቸው። በክረምት ከሄዳችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ከመውሰድ በፊት ግን አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለ፤ የብዝሐ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቃል። አራት ኪሎ ያለው የዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሙዚየምም ለልጅሽ አንድ ከሰዓት ይበቃዋል።

አሁን ግን ያንኑ ግንድ ነው የምፈልገው። ቢጫው ከደረቀ የቀረውን ቅርፊት ፈልጉ፣ እሱም ይጠቅማል። ምንም ካልቀረ ቀጣዩ ዝናብ ከጣለ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሂዱ፣ የግንዱን ሥርና ጎኑን እዩ፣ ሌላም ቀለም ሊሆን ስለሚችል ቢጫ ብቻ አትጠብቁ። ልጅሽ የቱ ጋ እንደተንበረከከ ያስታውሳል፣ እሱ ይምራሽ። ካገኛችሁ ከመንካታችሁ በፊት ስትበላ ፎቶ አንሱና ላኪልኝ።